የአያ ይመኑ ሲሶ

በሾላ ምንጭ ሰው ሲዋዋል ቆማችሁ ብትሰሙ አንድ ነገር ያስገርማችኋል። አንዱ ችኩል «በቃ፣ ግማሹን!» ብሎ እጅ ለመምታት ሲያነሣ፣ ሌላው እጁን ወደ ኋላ ይሰበስብና ሦስት ቃል ጣል ያደርጋል። ያን ጊዜ የተቆጣውም ይስቃል፤ ውሉም እንደገና ከሥሩ ይጀመራል። አባባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ እንግዳ የቆጣቢ ሰው ምክር ትመስለዋለች። ምክርስ ምክር ናት፤ የወጣችው ግን ከአንድ ገና፣ ከአንድ በሬና ከአንድ ጥድፊያ የማይለቀው አባወራ ነው። እናቴ የነገረችኝን እነግራችኋለሁ። ከወንዝ ማዶ ያሉት ሰዎች ትንሽ ለወጥ አድርገው ያወሩታል፤ እነሱ ግን የሰውዬው ዘመዶች ስለሆኑ ብዙ አትመኗቸው።

ሰውዬው ጓንጉል ይባላል። ደግ ሰው እንደ ነበረ አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ስስቅበት እንዳትቀየሙኝ። ለደቦ ሲጠራ ከጠሪው ቀድሞ ማሳው ላይ ይገኛል፤ የታመመ ሲኖር ቃሬዛውን የሚያነሣ እርሱ ነው። ጆሮው ግን አጭር ነበር። ነገር ሲነግሩት መጀመሪያዋን ይሰማና መጨረሻዋን ራሱ ይሞላታል። ሚስቱ ዘርፌ «የእኔ ባል ቄሱ ሳይመርቁ አሜን ብሎ ይወጣል» ትል ነበር፤ እውነቷንም ነው።

በዚያ ዓመት ጓንጉልና ዘርፌ የመጀመሪያ ልጃቸውን እናኑን ድረዋል። በአገሩ ልማድ ሙሽራ በተዳረች በመጀመሪያው ገና የባልዋ አባትና እናት ወደ ልጅቱ ወላጆች ቤት መጥተው ይበላሉ። ሲሏችሁ መብላት ነው፤ ነገሩ ግን ማየት ነው። ማዕዱ ከሞላ ልጅቱ የጨዋ ልጅ ተብላ በክብር ትኖራለች። ከጎደለ ማንም አይሰድባትም፤ ብቻ ወጥ ስትሠራ አማቷ በትከሻዋ ላይ አይተው «ሥጋውን አትሳሺ ልጄ፣ እዚህ ቤት ብዙ አለ» ይሏታል። እንዲህ ያለውን ደግነት ዕድሜ ልክ ከመስማት ስድብ ይሻላል። ጓንጉል ይህን ያውቃል፤ እናኑን ደግሞ ከዓይኑ ብሌን አብልጦ ይወዳታል።

ጠጁ ቀድሞ ተጥሎ ነበር፤ ጓንጉል ለእንግዶቹ በማዕድ የሚቀርብ ማር ሊያመጣ ቆላ ወረደ። ሲሄድ መንገዱ በአያ ይመኑ ደጅ ያልፋል። አያ ይመኑ የሰፈሩ ሽማግሌና የቅርጫው ዳኛ ናቸው፤ ለበዓል በሬ ሲገዛ ማን ስንት መደብ እንደሚይዝ በእሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። ጓንጉል ፍጥነቱን ሳይቀንስ «አያ ይመኑ፣ ለገና ያዙልኝ!» ብሎ ጮኸ። እሳቸውም «ስንት?» ብለው ጠየቁ። «ስንት» የምትለው ቃል ወንዙ ዳር ስትደርስ ሰውዬው ወንዙን ተሻግሯል።

የተመለሰው በጋድ ዕለት፣ ገና ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሁለት ጉንዶ ማር አህያዋ ላይ ጭኗል፤ ጉንዶ ማለት የማር ዕቃ ነው፣ የሞላውን አንድ ሰው ተጨንቆ ይሸከመዋል። አህያይቱን ሳያራግፍ አያ ይመኑ ደጅ ቆመ።

«አያ ይመኑ፣ መደቤስ?»

«እንዴት ዋላችሁ አይባልም?»

«እንዴት ዋላችሁ። መደቤስ?»

«ስንት ብዬ ብጠይቅህ ጀርባህን ነው ያየሁት» አሉ አያ ይመኑ። «ይምጣና ይንገረኝ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቀረህ። በሬው ተይዞ አልቋል ልጄ።»

የጓንጉል ፊት ጠቆረ። ለማያውቅ ልንገር፤ ቅርጫ ማለት ጎረቤት ተባብሮ በሬ ገዝቶ ማረድ ነው። ሥጋው ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም እየተቆረጠ ሁሉም ክምር እኩል ይደረጋል። እያንዳንዱ ክምር መደብ ይባላል። አንድ መደብ ቤተሰብን ከነእንግዳው ያጠግባል። አቅም ያነሰው ከሌላው ጋር ሆኖ ግማሽ ይይዛል፤ ሦስት ሆነው አንዱን የሚካፈሉም አሉ። ጓንጉል የሚያስፈልገው አንድ ሙሉ መደብ ነበር። ከዚያ ያነሰ ማዕድ ለእናኑ አማቶች ማቅረብ ልጁን አሳልፎ መስጠት መሰለው።

አያ ይመኑ አዘኑለት። መቼም እሳቸው ነገር ሲጀምሩ ከሩቅ ነው። «እንግዲህ ስማኝ» አሉ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «እኔ አራት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ታውቃቸዋለህ። ትልቁ ዘንድሮ ከሚስቱ ወገን ጋር ሊውል ነው። ያም የሆነበት ምክንያት፣ አማቱ ባለፈው ክረምት እግሩን…»

«በአጭሩ አያ ይመኑ፤ አህያዋ ቆማለች!»

«በአጭሩ፣ እኔ ከያዝኩት ሲሶውን ልሰጥህ እችላለሁ።»

«ሲሶ?»

«ሲሶ። ይኸውም…»

«ለእናኑ አማቶች በሲሶ!» ጓንጉል አህያዋን ጎሸም አደረገ። «እግዜር ይስጥልኝ አያ ይመኑ፤ እኔስ ቢያንስ ግማሽ የሚሰጠኝ ሰው አላጣም።»

አያ ይመኑ «ይኸውም» ባሉበት አፋቸው ክፍት ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቢተው ቤት ሄደ። ቢተው ሸማኔ ነው፣ ከጓንጉል በዕድሜ ያንሳል። ሚስቱ በቅርቡ ወልዳለች፤ እርሱም የበዓል ጥበብ ሊያደርስ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ መወርወሪያውን ያመላልሳል።

«ቢተው፣ ቅርጫ ገብተሃል አይደል?»

«ገብቻለሁ አያ ጓንጉል፤ ምነው?»

«ግማሹን ስጠኝ። ግማሽ ጉንዶ ማር እሰጥሃለሁ።»

ቢተው መወርወሪያውን ያዝ አደረገ። ለአራስ ቤት ማር ማለት ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። «ግማሹን መስጠትስ እሰጥሃለሁ» አለ። «እኔ ግን የያዝኩት ራሱ ከእህቴ ባል ጋር…»

«ግማሽ ትሰጠኛለህ ወይስ አትሰጠኝም?»

«እሰጥሃለሁ አልኩ እኮ፤ ብቻ እስቲ ቁጭ በልና…»

«ተቀምጬ የምጨርሰው ሥራ የለኝም!» አለና ማሩን ለክቶ፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ ገልብጦ ወጣ። ቢተው እግሩን ከጉድጓዱ እስኪያወጣ ድረስ አህያዋ በመንገዱ ታጥፋለች።

ሁለተኛው ደጅ የወይዘሮ ሽታዬ ነበር። ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኗት ጥጥ እየፈተለች የምትኖር፣ ምላሷ የማይተኛ ሴት ናት። ደጇ ላይ እንዝርቷን እያሾረች ተቀምጣለች።

«እቴ ሽታዬ፣ ከቅርጫሽ ግማሽ ስጪኝ፤ ግማሽ ጉንዶ ማር ይኸው።»

«ከቅርጫዬ?» አለች ሽታዬ። «አንተ ልጅ፣ የእኔን ቅርጫ ምን ያህል እንደሆነ ታውቀዋለህ?»

«ያንቺ ግማሽ፣ የቢተው ግማሽ፤ ሁለት ግማሽ አንድ መደብ። ምን የሚታወቅ አለው?»

«ሁለት ግማሽስ አንድ ነው፤ ግን እኛ ሦስት ሴቶች…»

«አንድ ነው ካልሽ ተስማምተናል!» ማሩን ደጇ ላይ አስቀመጠ። «እግዜር ያክብርልኝ፣ ልጄን አዳንሽልኝ!»

ሽታዬ ማሩን አየች፤ ሰውዬውን አየች፤ ሰውዬው የለም። «ልጅህን ማዳኔንስ ነገ እናያለን» ብላ እንዝርቷን አሾረች።

ጓንጉል ቤቱ ሲደርስ ደስታ በደስታ ሆኖ ለዘርፌ ነገራት። ከቢተው ግማሽ፣ ከሽታዬ ግማሽ፤ ነገ አንድ መደብ በአህያ ጭኖ ይመጣል። ሽማግሌው ሲሶ ብለው እንደቀለዱበትም ጨመረላት። ዘርፌ ብርሌዎቹን ታጥብ ነበርና ቀና አለች።

«ግማሹ የምኑ ግማሽ ነው?» አለች።

«እንዴት የምኑ? ግማሽ ግማሽ ነው። ግማሽ ደግሞ አባትና እናት አለው?»

ዘርፌ፣ ቢተው ብቻውን አንድ መደብ የሚይዝ ሰው እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ሽታዬማ ጭራሽ። እጇን ጠራርጋ ነጠላዋን ለበሰችና ወጣች። የሄደችው ወደ አያ ይመኑ ነው።

አያ ይመኑ ደጃቸው ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዘርፌ ጉልበታቸውን ስማ አጠገባቸው ተቀመጠችና «አያ ይመኑ፣ ያሉትን ሲሶ ደግሞ ለእኔ ይንገሩኝ» አለች። እሳቸውም ከትልቁ ልጃቸው ጀመሩ። የልጃቸው አማት እግር እንዴት እንደተሰበረ፣ ወጌሻው ከየት እንደመጣ፣ የወጌሻው በቅሎ ምን ዓይነት እንደነበረች ነገሯት። ዘርፌ እያዳመጠች «እህ» ትላለች። ሁለተኛው ልጅም ወደ ሚስቱ አገር መሄዱን፣ የቀሩት ሁለቱ አብረዋቸው እንደሚውሉ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ጥርስ ስለሌላቸው ለራሳቸው ብዙ እንደማያስፈልጋቸው ሰማች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም በጣታቸው እየቆጠሩ መለሱላት። ስትነሣ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፤ እርሷ ግን ስትመጣ የነበራት ፊት አልነበራትም።

ቤት ገብታ «ጓንጉል፣ አያ ይመኑ ዘንድ ሄጄ ነበር» አለች።

«ስለዚያ ሲሶ እንዳታነሺብኝ!»

«እሱን አይደለም፤ ቆይ ልጨርስ፣ እሳቸው የያዙት…»

«ዘርፌ፣ ነገ መደቡን ስታዪ ትናገሪያለሽ። አሁን የአህያዋን ገመድ የት ነው ያደረግሽው?»

ዘርፌ ገመዱን አሳየችው። ብዙ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ለዚህ ሰው ነገር በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ እንደሚገባ ታውቃለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ደክሟት ነው።

ገና ነጋ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ላይ ተሰብስቧል። በሬው ታርዶ፣ ተገፎ፣ ሥጋው በቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ተደርድሯል። ጓንጉል አህያዋን እየነዳ፣ ትልቁን እንቅብ ተሸክሞ ደረሰ። በዚያ እንቅብ አንድ በግ ተቀምጦ መሄድ ይችላል።

«ጓንጉል፣ አህያዋ በሬውን ከነቀንዱ ልትወስደው ነው?» አለ አንዱ።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አለ ጓንጉል በጥሩ መንፈስ።

ዕጣው ወጣ። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የቀሚስ ቁልፍ ሰጥቶ ነበር፤ አያ ይመኑ ፊታቸውን አዙረው በየመደቡ ላይ ጣሉት። ቢተውና የእህቱ ባል የወጣላቸውን መደብ እኩል ከፈሉ። ከዚያ ቢተው የደረሰውን እንደገና ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወደ እንቅቡ ጨመረ። ሽታዬና ሁለት ጎረቤቶቿም መደባቸውን ለሦስት ከፈሉ። ሽታዬ የራሷን ይዛ መጣች፤ እርሷም ለሁለት ከፍላ አንዱን ጨመረች። ጓንጉል እንቅቡን ቢያይ የታቹ ስፌት ገና ይታያል።

«የቀረውስ?» አለ።

«የቱ የቀረው?» አለ ቢተው።

«ግማሹ!»

«ይኸው ግማሹ። እኔ የያዝኩት ግማሽ መደብ ነው፤ የእርሱን ግማሽ ሰጠሁህ። ትናንት ልነግርህ ስል…»

«አታለላችሁኝ!» ጓንጉል እንቅቡን መሬት ላይ ጣለ። «ሁለት ግማሽ ብያለሁ! ሁለት ግማሽ አንድ ነው! በገና ቀን ትሰርቁኛላችሁ?»

ቢተው አንገቱን ደፋ፤ ሌባ መባል ለእርሱ ቀላል አልነበረም። ሽታዬ ግን አንገት ከሚደፉት ዘር አይደለችም። በነጠላዋ የቋጠረችውን የገና ዳቦ አወጣችና ከአራጁ ቢላዋ ተቀብላ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ና፣ ተቀመጥ» አለችው። «አንድ ጊዜ እንኳ ተቀመጥ።»

ጓንጉል ሳይወድ ተቀመጠ። ሽታዬ ዳቦውን ከመካከል ወደ ጠርዝ እየቆረጠች እኩል አሥራ ሁለት ቁራሽ አደረገችው።

«ይህ ዳቦ አንድ መደብ ነው እንበል። ቢተው ከእህቱ ባል ጋር ነው የያዘው። ለቢተው ስንት ቁራሽ ደረሰው?»

«ስድስት» አለ ጓንጉል እየተቆጣ።

«የስድስቱን ግማሽ ሰጠህ። ስንት ነው?»

«ሦስት።»

ሽታዬ ሦስቱን ወደ ጓንጉል ጉልበት ገፋችለት። «እኛ ሦስት ሴቶች አንድ መደብ ያዝን። ለእኔ ስንት ደረሰኝ?»

«አራት።»

«የአራቱን ግማሽ ሰጠሁህ።»

ሽታዬ ሁለቱን ቁራሽ ከሦስቱ ጋር ጨመረች። «ከአሥራ ሁለት አምስት። ሁለት ግማሽ ብለህ የተዋዋልከው፣ አንድ ግማሽ እንኳ አልሞላም። የሰረቀህ ሰው የለም ወንድሜ፤ እኛ ያለንን ቆርሰን ሰጠንህ። አንተ ነህ የሌለንን የቆጠርከው።»

ሽታዬ ከአምስቱ አንዱን አንሥታ «እንካ ቅመስ፣ ጾም ውለህ አድረህ ነው የምትጮኸው» ብላ አፉ ውስጥ ከተተችው። ጓንጉል እንደ ሕፃን አላመጠ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል፤ እናኑን እያሰበ ነበር። ልጁ በሰው ቤት፣ ድስት አጠገብ ቆማ፣ አማቷ በትከሻዋ ላይ ሲያዩ ታየው።

ቢተው ቀረብ ብሎ «አያ ጓንጉል፣ ማሩ አልተነካም፤ ሳትሰማኝ ስለሄድክ አልከፈትነውም። አሁን ሄጄ ላምጣልህ» አለ።

ጓንጉል ተነሥቶ የቢተውን ትከሻ ያዘ። «ሌባ ያልኩህን ይቅር በለኝ። ማሩን ለአራስህ አድርገው፤ የሰጠሁትን አልመልስም። እቴ ሽታዬ፣ የሰጠሁሽም ያንቺ ይሁን።» ደግ ሰው ነበር ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

አያ ይመኑ ከመደቦቹ ማዶ ሆነው «ጓንጉል» አሉት። «አሁን ወደ ቤትህ ሂድ። ቤትህ ስትደርስ…»

«አይምከሩኝ አያ ይመኑ! እግር እያለኝ ልጄን አላዋርድም። ከወንዝ ማዶም ቅርጫ አለ!» ብሎ እንቅቡን አህያዋ ላይ አስሮ ሮጠ።

«ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነው!» አለች ሽታዬ የአያ ይመኑን ፈገግታ አይታ። «ከምሥራች እኮ ነው የሚሸሸው።»

ከወንዝ ማዶ ሲደርስ የእነሱም ቅርጫ ተከፋፍሎ አልቋል። ሜዳው ላይ ቆዳውን የሚወጥሩ ሁለት ሰዎችና ብዙ ውሻ ብቻ ቀርተዋል። በየደጁ ለመነ፤ ሁሉም እንግዳ ነበረው። እኩለ ቀን ሲሆን ያንኑ «አምስት ቁራሽ» የተባለውን ሥጋውን ይዞ ተመለሰ። ከአጥሩ ሲደርስ ሁለት የተሸለሙ በቅሎዎች ደጁ ላይ ታስረው አየ። እንግዶቹ ገብተዋል። ከቤቱ ውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ ሳቁ ሁሉ በእርሱና በልጁ ላይ መሰለው። ከአጥሩ ጥግ ተደግፎ ቆመ። መግባት አፈረ፤ መሄድ ደግሞ የት ይሄዳል?

እንዲህ ሆኖ ሳለ እናኑ የእጅ ማስታጠቢያውን ውኃ ልትደፋ ወጣች። አባቷን ስታይ ማስታጠቢያውን ጥላ ጉልበቱን ሳመች።

«አባዬ! የት ጠፍተህ ነው? አባወራው ሳይመጣ አንቆርስም ብለው ተቀምጠዋል!»

«ልጄ፣ አባትሽ ዛሬ…»

«ግባ እንጂ!»

«ልንገርሽ አንድ ነገር፤ ማዕዱ…»

«ማዕዱማ ይቀዘቅዛል፤ ና!» ብላ በእጁ ጎተተችው። ችኮላ በዘር የሚወረስ ከሆነ እናኑ ድርሻዋን ወስዳለች።

ጓንጉል ጎንበስ ብሎ ገባ። መጀመሪያ ያየው ምሰሶውን ነው፤ ጎድኑ ከነሽንጡ ተሰቅሎበታል። ከዚያ ሰፌዱን አየ፤ ጥሬው ሥጋ በቀይ በነጭ ተቆልሎበታል። ከምድጃው በኩል ጥብስ ይጮኻል፤ ወጡ በሁለት ድስት ነው። የእናኑ አማት፣ ሸማቸውን በጥለቱ ያጣፉ ትልቅ ሴት፣ ለሙሽራዋ ቦታ ለቀቅ እያደረጉ «ነይ ልጄ፣ ከጎኔ ተቀመጪ» ይሏታል። ባላቸው አያ ጥጋቡ ተነሥተው ጓንጉልን አቀፉት።

«ወንድሜ ጓንጉል! እንዲህ ያለ ቤት መሆኑን ልጅቱን አይተን ገምተን ነበር፤ ዛሬ በዓይናችን አየን።»

የዕለቱ መራቂ አያ ይመኑ ከሽማግሌዎች ቦታ ተቀምጠው ጢማቸውን ይዳብሳሉ። ዘርፌ ጠጅ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ስትገባ ጓንጉል ተከትሏት ገባ።

«ከየት ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«ከሲሶው።»

«ከየትኛው ሲሶ?»

«ከአያ ይመኑ ሲሶ ነዋ። ትናንት ልነግርህ ስል ገመድ ጠየቅኸኝ።» ዘርፌ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «አሁንስ ልጨርስ?»

«ጨርሺ» አለ ጓንጉል። እናቴ እንደምትለው፣ ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

«እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኋቸው፤ የምኑ ሲሶ አልኳቸው። ለአራቱ ልጆቻቸው አራት መደብ፣ ጥርስ ለሌላቸው ለራሳቸው ግማሽ፤ የያዙት አራት ተኩል ነው። አራት ተኩል በግማሽ በግማሽ ሲቆጠር ዘጠኝ ግማሽ ይሆናል። ዘጠኙን ለሦስት ብትከፍለው ሦስት ግማሽ ይደርሳል። ሦስት ግማሽ ደግሞ…»

ጓንጉል አፉን ከፈተ፤ መልሱ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ መልሶ ዘጋው፤ እርሷ እንድትጨርስ ጠበቀ።

«…አንድ ተኩል ነው» አለች ዘርፌ። «የናቅኸው ሲሶ አንድ ተኩል መደብ ነበር። ሜዳው ላይ ስትጮህ የአያ ይመኑ ልጅ በላይኛው መንገድ ተሸክሞ አመጣልኝ።»

ጓንጉል ግድግዳውን ተደግፎ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ወጥቶም በሰው ፊት የአያ ይመኑን ጉልበት ሳመ። እሳቸው «ተነሥ፣ ተነሥ፤ ያችን አምስት ቁራሽህንም አምጣት፣ ትጠበስ» አሉት።

ተበላ፤ ተጠጣ። አማትየው ለእናኑ ሦስት ጊዜ አጎረሷት፤ ዘርፌም ይህን ከጓዳ በር ሆና አይታ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ጠጁ ሞቅ ሲያደርግ አያ ጥጋቡ ብርሌያቸውን ይዘው ተነሡ።

«ወንድሜ ጓንጉል» አሉ፣ «ልጆቹ ከጥምቀት በኋላ ጎጆ ሊወጡ ነው። ከእንግዲህ አንድ ቤት ነንና ግማሹን እኔ ግማሹን አንተ እንቻል። ምን ትላለህ?»

ጓንጉል ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ተነሣ። ደስታውና ጠጁ አንድ ላይ ሆነው ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሡት፤ የሚመታበት እጅም ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ዘርፌ ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለች ቆመች። ጓንጉል ያለው አንድ ጥማድ በሬና የዓመቱ እህል ነው፤ የቤት ግማሽ ሙሉውን ይበላዋል። አንዴ እጅ ከተመታ ደግሞ ወደ ኋላ የለም። ቤቱ ሁሉ የእጁን መውረድ ይጠብቃል።

እጁ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ጉልበቱ ላይ አረፈ።

«አያ ጥጋቡ» አለ፣ «ግማሹ… የምኑ?»

አያ ጥጋቡ ከት ብለው ሳቁ። «የክዳኑ ሣር ነው እንጂ! እንጨቱን አስቆርጬ ጨርሻለሁ፤ ምርጊቱንም ልጆቼ ይመርጉታል። የሣሩን ግማሽ ብቻ!»

«የሣሩንማ ሙሉውን እችላለሁ!» አለ ጓንጉል፤ እጁም አሁን በደንብ ጮኾ ተመታ። ዘርፌ እልል አለች፤ እናኑ ተቀበለቻት፤ አያ ይመኑም ብርሌያቸውን ከፍ አድርገው ጓንጉልን እያዩ፣ «ልጆቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አገር፣ ከግማሹ ‹የምኑ› ይቅደም» አሉ።